በእጅ የሚያዝ ስፓይሮሜትር፦ ሳንባን በትክክል መለካት፣ ቁጥሩን ማንበብና ማሻሻል የሚቻለውን ማሻሻል

«የሳንባ መለኪያ» ተብለው የሚሸጡት መሣሪያዎች ሦስት ዓይነት ናቸው፤ ሥራቸውም ለየቅል ነው። ስለዚህ መጀመሪያ እጅዎ ላይ ያለው የትኛው እንደሆነ ይለዩ።

አንደኛው ስክሪንና ባትሪ ያለው ወይም በብሉቱዝ ከስልክ ጋር የሚገናኘው ዲጂታል ስፓይሮሜትር ነው። ኮንቴክ ኤስፒ10 እና ስፓይሮባንክ ከዚህ ወገን ናቸው። ብዙዎቹ ውስጣቸው ተርባይን አላቸው፤ ትንፋሽ ሲያልፍበት የሚሽከረከር ቀጭን ክንፍ ማለት ነው። መሣሪያው የዙሩን ብዛት ቆጥሮ ምን ያህል አየር በምን ያህል ፍጥነት እንደወጣ ያሰላል። ሁለተኛው ፒክ ፍሎ ሜትር ነው፤ ባትሪ የሌለው፣ ሲነፉበት ቀይ ጠቋሚ ወደ ላይ የሚገፋበት የፕላስቲክ ቱቦ። የሚለካው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ትንፋሽ ሲወጣ የደረሰበትን ከፍተኛ ፍጥነት፣ በሊትር በደቂቃ። ሦስተኛው ሦስት ባለ ቀለም ኳሶች ያሉት፣ 600፣ 900 እና 1200 የሚል ቁጥር የተጻፈበት ኢንሴንቲቭ ስፓይሮሜትር ነው። ይሄኛው መለኪያ አይደለም፣ ማለማመጃ ነው፤ የሚሠራውም አየር ሲስቡበት እንጂ ሲነፉበት አይደለም። ገዝተው ቤት ከወሰዱት ሰዎች ብዙዎቹ እየነፉበት «ኳሱ አልነሳ አለ፣ ሳንባዬ ተበላሽቷል» ብለው ይደነግጣሉ። መጀመሪያ ስለ ዲጂታሉ እንናገራለን፤ ሁለቱ በየቦታቸው ይመጣሉ።

መንፋት የሌለበት ሰው

ፈተናው ቀላል ይመስላል እንጂ በሙሉ ኃይል ሲነፉ በደረት፣ በሆድ፣ በጭንቅላትና በዓይን ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል። ባለፈው 1 ሳምንት ሃርት አታክ ያጋጠመው ወይም የዓይን፣ የጆሮ ወይም የሳይነስ ቀዶ ሕክምና ያደረገ፣ ባለፉት 4 ሳምንታት ደረቱን፣ ሆዱን ወይም ጭንቅላቱን የተቀደደ ሰው፣ ሐኪም ሳይፈቅድ አይንፋ። ሳንባው ዙሪያ አየር የገባበት፣ ደም የቀላቀለ አክታ ያለው፣ የደም ግፊቱ በጣም ከፍ ብሎ መቆጣጠር ያልተቻለ፣ እርግዝናዋ ወደ መጨረሻው የደረሰ ሴትም እንዲሁ።

2 ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ካለ ደግሞ ከስፓይሮሜትር በፊት የቲቢ ምርመራ ይቅደም። በኃይል የሚወጣ ትንፋሽና ተከትሎት የሚመጣው ሳል ጀርሙን በክፍሉ ውስጥ ይረጨዋል፤ ቤተሰቡ መሣሪያውን በጋራ የሚጠቀም ከሆነ አደጋው ይብሳል።

ሳይነፉ በፊት

ከመለካትዎ በፊት ባለው 1 ሰዓት ውስጥ ሲጋራ አያጭሱ፣ ከባድ ስፖርት አይሥሩ። አልኮል ከ8 ሰዓት በፊት ይቁም። በጠገበ ሆድ አይንፉ፤ ድያፍራም የሚባለው የትንፋሽ ጡንቻ ወደ ታች ወርዶ ሳንባ ሙሉ በሙሉ እንዲሞላ ሆድ ቦታ መልቀቅ አለበት። በዚሁ ምክንያት መቀነትዎን ወይም ቀበቶዎን ይፍቱ። ሰው ሠራሽ ጥርስ ካልተነቃነቀ አይውለቅ፤ ከወለቀ ከንፈር ወደ ውስጥ ገብቶ በጎን አየር ያመልጣል።

ፓፍ፣ ማለትም በአፍ የሚሳብ የመተንፈሻ መድኃኒት፣ የሚጠቀሙ ከሆነ ለምን እንደሚለኩ ይወስኑ። ዕለታዊ ክትትል ከሆነ መድኃኒትዎን እንደወትሮው ይውሰዱ፤ ዋናው ነገር መለኪያው ሁልጊዜ ከፓፉ በፊት ወይም ሁልጊዜ ከፓፉ በኋላ መሆኑ ነው። ሐኪም ለምርመራ «ያለ መድኃኒት እንየው» ካለ ግን እንደ ቬንቶሊን ያለው ሳልቡታሞል ከ4 እስከ 6 ሰዓት፣ ሳልሜቴሮል ወይም ፎርሞቴሮል ያለበት ለ24 ሰዓት፣ ቲዮትሮፒየም ከ36 እስከ 48 ሰዓት ሳይወሰድ ይቆያል። በራስዎ ውሳኔ አያቁሙ።

ቀጥሎ መሣሪያው መረጃ ይጠይቃል፤ የብዙ ሰው ስህተት የሚጀምረውም እዚህ ነው። ስክሪኑ ላይ የሚመጣው ፐርሰንት ከእርስዎ ቁመት፣ ዕድሜና ፆታ ጋር ከሚመሳሰል ጤነኛ ሰው ከሚጠበቀው ጋር ተወዳድሮ የተሰላ ነው። ቁመትዎን ያለ ጫማ፣ ግድግዳ ተደግፈው ያስለኩ፤ በግምት 10 ሴንቲ ሜትር መሳሳት የሚጠበቀውን ቁጥር ከአሥር እጅ አንዱን ያህልና ከዚያም በላይ ያዛባዋል። የትውልድ ዘመን ሲጠየቁ በፈረንጆች አቆጣጠር ይሙሉ። በእኛ አቆጣጠር 1975 የተወለደ ሰው 1975 ብሎ ካስገባ መሣሪያው 7 ወይም 8 ዓመት ያስረጀዋል፤ ዕድሜ ሲጨምር የሚጠበቀው ቁጥር ስለሚወርድ ደካማ ሳንባ ደህና መስሎ ይታያል።

ከዚያ «ዘር» የሚል ጥያቄ ሊመጣ ይችላል። በፈረንጆች 2012 የወጣው፣ የሚጠበቀውን ቁጥር የሚያሰላው ግሎባል ላንግ ኢኒሺየቲቭ የተባለው ቀመር ከሰሃራ በታች ላሉ አፍሪካውያን ራሱን የቻለ ምድብ የለውም፤ «አፍሪካን አሜሪካን» የሚለው ምድብ የሚጠበቀውን ቁጥር ዝቅ ስለሚያደርግ እውነተኛ ጉድለትን ሊደብቅ ይችላል። በ2022 ዘርን የማይጠይቅ ዓለም አቀፍ ቀመር ወጥቷል፤ የአሜሪካ የቶራሲክ (የደረት ሕክምና) ማኅበርም በ2023 ዘርን ያልለየ ቀመር እንዲሠራበት መክሯል። መሣሪያዎ ወይም የስልክ መተግበሪያው ይህ ምርጫ ካለው እሱን ይምረጡ። ከሌለው አንዱን መርጠው እስከ መጨረሻው አይቀይሩት። አሜሪካ ወይም አውሮፓ የሚታከሙ ከሆነ ደግሞ ሐኪምዎን የትኛው ቀመር እንደተሠራበት ይጠይቁ፤ አሮጌውን ውጤት ከአዲሱ ጋር ሲያስተያዩ ሳንባው ሳይለወጥ ፐርሰንቱ ብቻ ተለውጦ ሊሆን ይችላል።

አነፋፉ

ጎማ በሌለው፣ መደገፊያ ባለው ወንበር ላይ ቀጥ ብለው ይቀመጡ፤ ሁለቱ እግሮች መሬት ይርገጡ። ቆመው ከነፉ መጨረሻው ላይ ሊያዞርዎ ይችላል። አገጭዎን ትንሽ ቀና ያድርጉ። አፍንጫዎን በመቆንጠጫ ይዝጉ፤ መቆንጠጫ ከጠፋ በሁለት ጣት ይያዙት። ቬንትሌተር ወይም የተከፈተ መስኮት ፊት ለፊት አይቀመጡ፤ ነፋሱ ተርባይኑን አሽከርክሮ ሳይነፉ ቁጥር ያስጀምራል። መሣሪያውን እያወዛወዙ ቁልፉን መጫንም ያው ነው።

1. መሣሪያውን ያብሩ፣ «ንፋ» የሚለውን ምልክት እስኪሰጥ ይጠብቁ። ቱቦው እጅ ውስጥ እንዳለ ሁለት ሦስት ጊዜ እንደወትሮው ይተንፍሱ።

2. ቱቦውን ወደ አፍዎ አስጠግተው፣ ከዚህ በላይ አይገባም እስኪሉ ድረስ አየር ይሳቡ። ፈጠን ብሎ፣ ግን እስከ ጥግ። ትከሻ ማንሳት አያሞላም፤ የታችኛው የጎድን አጥንት ወደ ጎን ሲከፈት ነው ሳንባ የሚሞላው።

3. ወዲያውኑ ቱቦውን ከጥርስ አልፎ ምላስ ላይ ያስገቡና ከንፈርዎን ዙሪያውን ይግጠሙ። ከሳቡ በኋላ ከ2 ሰከንድ በላይ አይቆዩ፤ አየሩን አፍኖ መያዝ የመጀመሪያውን ፍጥነት ይሰብረዋል።

4. ሳያመነቱ በአንድ ጊዜ ያፈንዱት። ሻማ እንደማጥፋት እፍ ማለት አይደለም፣ ጉንጭም አይነፋም፤ ኃይሉ ከደረትና ከሆድ ይምጣ።

5. ፍንዳታው ካለፈ በኋላ አያቁሙ። «አለቀ» ያሉት አየር ገና አላለቀም። ጤነኛ ወጣት በ3 ወይም በ4 ሰከንድ ሊጨርስ ይችላል፤ አብዛኛው አዋቂ 6 ሰከንድ፣ የመተንፈሻ ቱቦው የጠበበ ሰው ደግሞ ከዚያም በላይ ያስፈልገዋል። ማቆሚያው መስመሩ ጠፍጣፋ ሆኖ ለ1 ሰከንድ ምንም የማይጨምር ሲሆን ወይም 15 ሰከንድ ሲሞላ ነው።

6. ቱቦውን አውጥተው ይረፉ። ቀጣዩን ከመንፋትዎ በፊት ቢያንስ ግማሽ ደቂቃ፣ ካዞረዎት ደግሞ እስኪለቅዎ ድረስ ይጠብቁ።

አጠገብ ቆሞ የሚያበረታታ ሰው ካለ ውጤቱ ይለያል። የሠለጠኑ ባለሙያዎች ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ይንፉ! ይንፉ! ገና አለ! ገና አለ!» የሚሉት በከንቱ አይደለም፤ ብቻውን የሚነፋ ሰው ብዙውን ጊዜ ሳይጨርስ ይተወዋል።

ስንት ጊዜ? የትኛውስ ይያዛል?

ቢያንስ ሦስት ጥሩ አነፋፍ ያስፈልጋል፤ ከ8 በላይ መሞከር ድካም ብቻ ነው። ከጥሩዎቹ ሁለቱ ትልልቆች መካከል ያለው ልዩነት ከ0.15 ሊትር ካልበለጠ ውጤቱ ይታመናል። ይህ ለሁለቱም ዋና ቁጥሮች ይሠራል፦ ስክሪኑ ላይ ኤፍቪሲ ለሚለው፣ በኃይል ተነፍቶ እስኪያልቅ የወጣው ጠቅላላ አየር ማለት ነው፣ እና ኤፍኢቪ1 ለሚለው፣ ከዚያ ውስጥ በመጀመሪያው 1 ሰከንድ የወጣው ማለት ነው።

አንዲት ሴት ሦስት ጊዜ ነፍታ እንዲህ አገኘች እንበል፦ ኤፍቪሲ 2.94፣ 3.02 እና 2.71፤ ኤፍኢቪ1 ደግሞ 2.31፣ 2.38 እና 2.05። ሁለቱ ትልልቆች በ0.08 እና በ0.07 ብቻ ስለሚለያዩ መዝገቡ ላይ የሚሰፍረው 3.02 እና 2.38 ነው። አማካይ አይወሰድም፤ ሳንባ ከአቅሙ በላይ መንፋት ስለማይችል ትልቁ ቁጥር ነው ወደ እውነቱ የሚጠጋው። በሦስተኛው ሁለቱም ቁጥሮች አብረው መውረዳቸው ሳትሞላ እንደነፋች ይናገራል።

ቁጥሩ እንዲህ የጥፋቱን ዓይነት ይጠቁማል። ፒኢኤፍ፣ ማለትም ከፍተኛው ፍጥነት ብቻ ዝቅ ካለና የግራፉ ጫፍ ሹል መሆኑ ቀርቶ ከደነዘ፣ አጀማመሩ ልፍስፍስ ነበር። በመጀመሪያው ሰከንድ ውስጥ ሳል ከመጣ ያ አነፋፍ ይጣላል። ቁጥሩ በየጊዜው የሚዘባረቅ ከሆነ ከንፈርን፣ ምላስንና አፍንጫን ይፈትሹ፤ ወይ አየር ያመልጣል ወይ ምላስ ቱቦውን ይዘጋል።

ከሁሉም የከፋው ቶሎ ማቆም ነው፤ ምክንያቱም ውጤቱን የሚያበላሸው አሳምሮ ነው። መተንፈሻ ቱቦው የጠበበ ሰው በመጀመሪያው ሰከንድ 1.60 ሊትር አወጣ እንበል። እስከ መጨረሻው ከነፋ ጠቅላላው 2.80 ነው፤ 1.60 ለ2.80 ሲካፈል 0.57 ይመጣል፣ ግልጽ ጥበት ነው። በ3ኛው ሰከንድ ካቆመ ግን ጠቅላላው 2.20 ላይ ይቀራል፤ ስሌቱም 0.73 ሆኖ «ደህና ነኝ» ያሰኘዋል። ያው ሳንባ፣ ያው ቀን።

ቁጥሩን ማንበብ

መጀመሪያ የሚታየው ፐርሰንቱ አይደለም፣ የኤፍኢቪ1 እና የኤፍቪሲ ውድር ነው፤ ኤፍኢቪ1 ለኤፍቪሲ ሲካፈል የሚመጣው ማለት ነው። ቱቦ የሚያሰፋ መድኃኒት ተወስዶም ውድሩ ከ0.70 በታች ከሆነ መተንፈሻው መጥበቡን ያመለክታል፤ በሽታውን ለይቶ የሚሰይመው ግን ሐኪም ነው። ዕድሜ ሲገፋ ውድሩ በተፈጥሮ ስለሚወርድ በሽማግሌ ላይ 0.69 የግድ በሽታ አይደለም፤ በ25 ዓመት ወጣት ላይ ደግሞ 0.72 ሊያሳስብ ይችላል። ጥሩ መሣሪያ «የታችኛው የጤና ወሰን» የሚል መስመር ያሳያል፤ ካለ እሱን ይከተሉ። ውድሩ ደህና ሆኖ ኤፍቪሲ ብቻውን ካነሰ፣ አስቀድመው ሳይሞሉ ነፍተው ወይም ቶሎ አቁመው እንደሆነ ያረጋግጡ፤ ካልሆነ ሐኪም ጋር ይሂዱ። ከቲቢ የተረፈ ጠባሳ፣ የደረት አጥንት ጉብጠት፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ሁሉ እንዲህ ያደርጋሉ።

ስፓይሮሜትር የማያየው ነገርም አለ። አዋቂ ሰው እስኪያልቅለት ቢነፋም ከ1 ሊትር የሚበልጥ አየር ሳንባው ውስጥ ይቀራል፤ ይህ በየትኛውም በእጅ በሚያዝ መሣሪያ አይለካም።

የአስም ክትትል ላይ ፒክ ፍሎ ሜትሩም በቂ ነው። በተረጋጉበት ወቅት ለ2 ሳምንት ጠዋትና ማታ፣ በየጊዜው ሦስት ጊዜ ነፍተው ትልቁን ይመዝግቡ፤ ከሁሉም ትልቁ የእርስዎ ምርጥ ቁጥር ነው። ምርጡ 400 ከሆነ ከ320 በላይ ደህና ነው፤ ከ200 እስከ 320 ሐኪምዎ ባዘዘልዎ ዕቅድ መሠረት መድኃኒት የሚስተካከልበት ነው፤ ከ200 በታች ግን ፓፉን ወስደው ወደ ሐኪም ቤት የሚሮጡበት ነው። ከመሣሪያው ጋር የመጣውን የፈረንጅ ሰንጠረዥ ብዙ አይመኑ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ሳሳ ሲል እንደዚህ ያለው ባለ ጠቋሚ ቱቦ ዝቅ አድርጎ ያነባል። ከአዲስ አበባ ዱባይ ወይም ጂቡቲ የወረደ ሰው ቁጥሩ ከፍ ቢልበት ሳንባው አልተሻለም፤ ምርጥ ቁጥሩን እዚያው እንደገና ያውጣ።

ማሻሻል የሚቻለውና የማይቻለው

መሣሪያውን ከገዙ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቁጥርዎ ይጨምራል። ያ ሳንባዎ ስላደገ አይደለም፤ መንፋት ስለለመዱ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ሳምንት መዝገብ እንደ ልምምድ ቆጥረው መነሻዎን ከዚያ በኋላ ይያዙ። ጤነኛ ሰው እንኳ ኤፍኢቪ1 ከሳምንት ሳምንት እስከ 12 በመቶ ሊዋዥቅ ይችላል፤ ከ2.40 ወደ 2.50 መሄድ ዜና አይደለም።

ስፓይሮሜትር ላይ ደጋግሞ መንፋት ሳንባን አያሳድግም፤ ፊኛ መንፋትም አያሳድገውም። ቁጥሩን በእውነት የሚያነሳው የጠበበውን መክፈት ነው። የአስም በሽተኛ ፓፉን በትክክል ሲወስድ የሚያገኘውን ለውጥ የትኛውም ልምምድ አይሰጠውም፦ ፓፉን ይናጡ፣ አየርዎን ያውጡ፣ ቀስ ብለው መሳብ ሲጀምሩ ይጫኑ፣ እስኪሞላ ይሳቡና እስከ 10 ሰከንድ ይያዙ። ስፔሰር፣ ማለትም ፓፉ ላይ የሚገጠም ባዶ ቱቦ፣ ካለ ይጠቀሙ፤ ያለ ስፔሰር አብዛኛው መድኃኒት ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ስቴሮይድ ያለበት ከሆነ አፍዎን ይጉመጥመጡ። መድኃኒቱ መሥራቱን በቁጥር ማየት ቢፈልጉ ነፍተው ይመዝግቡ፣ ሐኪም ባዘዘው መጠን ይውሰዱ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይንፉ።

ሁለተኛው መውረዱን ማቆም ነው። ኤፍኢቪ1 ከ30 ዓመት በኋላ በጤነኛ ሰውም በዓመት ከ25 እስከ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ይቀንሳል፤ ሲጋራ ፍጥነቱን ይጨምራል፣ ማቆም ወደ ተለመደው ይመልሰዋል። በእኛ አገር ሲጋራ በአፏ ገብቶ የማያውቅ ሴት ሳንባዋ ጠብቦ የሚገኘው ብዙ ጊዜ በማገዶ፣ በኩበትና በከሰል ጭስ ነው። እንጀራ የሚጋገርበትን ቦታ ከቤት ማውጣት፣ የጭስ መውጫ መክፈት፣ ሲቻል የኤሌክትሪክ ምጣድ መጠቀም ማንኛውም የትንፋሽ ልምምድ ከሚያደርገው ይበልጣል። አስም ያለበት ሰው ባለበት ክፍል ዕጣን ማጨስም ይቅር።

ሦስተኛው ቁጥሩን ብዙም ሳይነካ ትንፋሽን የሚያቀልለው ነው። በሳምንት አምስት ቀን ለ30 ደቂቃ ያህል ፈጠን ብሎ መራመድ እግርንና ልብን ስለሚያጠነክር ያው ሳንባ የበለጠ ሥራ ይሠራል። ይህን ኤፍኢቪ1 አያሳየውም፤ በ6 ደቂቃ ስንት ሜትር እንደሚሄዱ በየወሩ አንድ ቦታ ላይ ይለኩ። የመሳቢያ ጡንቻን የሚያለማምደው በመጠምዘዝ የሚከብደው መሣሪያ ካለዎት 30 ትንፋሽ በቀን ሁለት ጊዜ ይሳቡ፤ ክብደቱ 30ኛውን በጭንቅ የሚያስጨርስ ይሁን።

ባለ ሦስት ኳሱ ቦታው ከቀዶ ሕክምና በኋላ ወይም አልጋ ላይ ለዋለ ሰው ነው። ቀጥ ብለው ይቀመጡ፣ ቁስል ካለ ትራስ አቅፈው ይጫኑት፣ አየርዎን አውጥተው ቱቦውን ይግጠሙ፣ ከዚያ ቀስ ብለው ይሳቡ። የመጀመሪያውን ኳስ ከ3 እስከ 5 ሰከንድ አንሳፍፎ ማቆየት ሦስቱንም በአንድ ጊዜ በኃይል ከማስነሳት ይሻላል፤ የሚፈለገው የታችኛው የሳንባ ክፍል ቀስ ብሎ እንዲከፈት ነው። ነቅተው ባሉበት በየሰዓቱ 10 ጊዜ፣ ከዚያ በኃይል ስለው አክታውን ያውጡ። አልጋው ላይ ተኝቶ ኳስ ማንሳት ግን ተነስቶ መራመድን አይተካም።

ንጽሕና

የአፍ ቱቦ አይዋዋሱም፤ ካርቶን ከሆነ አንድ ሰው አንዴ ተጠቅሞበት ይጣላል። ተርባይኑ የሚወልቅ ከሆነ በሳምንት አንድ ጊዜ አውልቀው አምራቹ በፈቀደው ፀረ ተባይ ውስጥ ይንከሩት፣ ከዚያ በንጹሕ ውኃ አለቅልቀው በራሱ እንዲደርቅ ይተዉት። ቧንቧ ከፍተው በኃይል አይልቀቁበት፣ በጥጥ አይጥረጉት፣ በፀጉር ማድረቂያም አይንፉበት፤ ክንፉ በጣም ቀጭን ነው፣ አንዲት ክር ከያዘው ዙሩ ይቀንሳል። ሳይታመሙ ቁጥሩ በድንገት ከወረደ ከሳንባዎ በፊት ያንን ክንፍ በብርሃን ፊት ይዘው ይዩት። እሱ ንጹሕ ከሆነ ባትሪ ይቀይሩ፤ አሁንም ያው ከሆነ ቤት ውስጥ ያለ ጤነኛና መንፋት የለመደ ሰው በራሱ ቱቦ ነፍቶ የራሱን የቆየ ቁጥር ያግኝ እንደሆነ ይሞክሩ። የእሱም ከወረደ መሣሪያው ነው፤ የእሱ ካልተነካ ግን ቀጠሮዎን ሳይጠብቁ ሐኪም ጋር ይሂዱ።